የተገዘተችው ዋንዛ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ሌባ አይደለሁም። ይህን ሁሉ ዓመት አናጢ ሆኜ ስሠራ ከደንበኛ እንጨት የተረፈችውን ቁራጭ እንኳ መልሼ ለባለቤቷ ነው የማስረክበው። ይህን የምላችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምተርከውን ነገር የሠራው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ክፉ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮማ ምኑ ይወራል?

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ የሥራ ቤቴ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። በልጅነቴ ዲቁና ተቀብያለሁ፤ ኋላ አናጢነቱ ቢያሸንፈኝም እሁድ እሁድ በሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምር ነበር። በዚያ ሰሞን የደረስነው ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ነበር። አዳም፣ ሔዋን፣ እባቡ፣ ያቺ የተከለከለች ዛፍ። አፌ አይታማም፤ ስናገር ልጆቹ ትንፋሽ አይሰማባቸውም። «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ትበላ ነበር?» ብላ አንዷ ብትጠይቀኝ «እኔ? በፍጹም!» ብያታለሁ። እግዚኦ!

ሚስቴ ውባለም ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ብዙ አታወራም። እናቷ እማማ የሺ የቄስ ሚስት ነበሩ፤ አሁን ባላቸው ሞተውባቸው ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው በገራዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከውባለም በቀር ልጅ የላቸውም። እኔን «ዲያቆኔ» ነው የሚሉኝ። ጎረቤት ሲመጣ «ያልወለድኩት ልጄ» ብለው ነው የሚያስተዋውቁኝ፤ እኔም ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

አማቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ዋንዛ ነበረች። ምን የመሰለች! ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋትም። ሲያብብላት ነጭ በነጭ ትሆናለች፣ ፍሬዋ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፉ እስኪጣበቅ ይበላል። የውባለም አባት ቄሱ ሊሞቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው እኔንና ውባለምን ጠሩን። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «የባሕር ዛፉ የናንተ ነው፤ ቁረጡ፣ ሥሩበት። ጽዱም የናንተ ነው። ይችን ዋንዛ ግን ገዝቻለሁ። የነካት በቃሌ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። የካህን ግዝት ነውና አሜን ብለን ወጣን።

አራት ዓመት ዝንቧን እሽ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ጽዱንና ባሕር ዛፉን ስጠቀም ኖርኩ።

ከዚያ በኮምቦልቻ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የዋናው በር ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አናጢ የሆነ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው። በገበያ ያለው ጣውላ ጠባብ ነው፤ እየቀጣጠልክ ነው የምትሠራው። እኔ ግን ያለ ቅጥያ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ሰፊ የዋንዛ በር አማረኝ። ሕዝቡ በበዓሉ ቀን ቆሞ «ይህን ማን ሠራው?» እንዲል አማረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ምኞቴ እሱ ነበር። በአፌ የምለው ግን «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» ነው።

ዋንዛ እርጥቡን አይሠራም፤ ይጣመማል። ተሰንጥቆ ጥላ ሥር በጋውን መክረም አለበት። ስለዚህ ጥቅምት ላይ መቆረጥ ነበረበት። በዚያው ሰሞን አማቴ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ደሴ መጡና እኛ ቤት አረፉ። ግቢው ባዶ ሆነ። ሰይጣን ለተንኮሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል ይባል የለ፣ እኔም መጥቀስ ጀመርኩ። ግዝት ለሰው ጥቅም እንዳይሆን ነው እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ምን ያግደዋል? ቄሱ ራሳቸው ቢኖሩ መጥረቢያውን ያቀብሉኝ የለ? እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ ራሴንም ረታሁ።

ዛፍ ለመቁረጥ ከቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ የወራሽ ፊርማ። ወራሿ ውባለም ናት። ቅጹን ይዤላት ወደ ስፌት ቤቷ ሄድኩ።

«አባባ እኮ ገዝቷታል» አለችኝ፣ መርፌ እንደያዘች።

«ለቤተ ክርስቲያን በር ነው ውቤ! አባትሽ ቄስ አልነበሩም እንዴ?»

«ታዲያ እማን ለምን አንጠይቃትም?»

«ዓይናቸው ታሽጎ በዚህ ላይ እናስጨንቃቸው? ሲድኑ እንነግራቸዋለን።»

ቅጹን አየችው። ቆይታ እኔን አየችኝ። «ልቤ አልወደደውም» አለች።

«ልብሽን ለኔ ተይው!» ብዬ ተቆጣሁ። እንዲያው መቆጣት ልማዴ ነው፤ ልክ ሳልሆን ደግሞ ይብስብኛል።

«እሺ፣ እንደፈለግህ» ብላ ፈረመች።

ሐሙስ ጠዋት ሞተር መጋዝ ያለው ቆራጭ ይዤ ገራዶ ወረድኩ። ሰውዬው ዋንዛዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ሌላው ሁሉ ተቆርጦ ይህች እንዴት ቀረች?» አለኝ። «እኔን እየጠበቀች» ብዬ ቀለድኩ። ሁለት ሰዓትም አልፈጀበት። ስትወድቅ ምድር አልተንቀጠቀጠችም፣ ሰማዩም አልጠቆረም። እንደ ማንኛውም ዛፍ ነው የወደቀችው። ውስጧም ደህና ነበር፤ ብስባሽ የላት፣ ምን የላት። «አየህ!» አልኩ ለራሴ። ግንዱን በአይሱዙ አስጭኜ ኮምቦልቻ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት አስወረድኩና ማታ ቤቴ ገብቼ ከአማቴ ጋር እራት በላሁ። ሦስቴ አጎረሱኝ።

ዓርብ ከሰዓት ነው ነገሩ የመጣው። ውባለም በዚያን ቀን ሥራዋን ቤት አምጥታ በስፌት መኪናዋ ትሰፋ ነበር። እማማ የሺ የቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ገና ከሥራ መግባቴ ነው። ስልካቸው ጮኸና አነሱት፤ የገራዶ ጎረቤታቸው ናት። ብዙ ሰሙና ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ዲያቆኔ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዋንዛዬ ወድቃለች ይሉኛል። ነፋስ ነው?»

እስቲ ተመልከቱ። ማን እንደቆረጣት ጎረቤቲቱ ነግራቸዋለች፤ ይህን ኋላ ነው ያወቅኩት። እሳቸው ግን «ለምን ቆረጥክ» አላሉኝም። በሩን ከፍተው ነው የጠየቁኝ፣ ራሴ እንድናገር።

«ነፋስ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ለ... ለቤተ ክርስቲያን በር ነው እማማ። በደንቡ ፈቃድ ተወስዶ...»

«ማን ነው አልኩህ እኮ።»

ያኔ አፌን ቆርጦ በጣለው! «የሰጡኝ ልጅዎ ናት የፈረመችልኝ» አልኩ። «ወራሿ እሷ ናት፤ ወረቀቱም ይኸው።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ለታሸገ፣ በሌላኛውም ፊደል ለማይለዩ ሴት ወረቀት ዘረጋሁ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ውባለም፣ እውነት ነው?»

ውባለም አየችኝ። ረጅም አይደለም፤ ክር ለመበጠስ የሚበቃ ያህል። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«አዎ እማ። እኔ ነኝ ቁረጣት ያልኩት።»

«ግዝቱን እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«እሱስ?»

«ግዝቱን አስፈትቼዋለሁ ብዬ ዋሽቼው ነው። እሱ አያውቅም።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አልወጣችም። ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

እማማ የሺ ተነሱ፤ ነጠላቸውን በዳሰሳ ፈልገው ለበሱ። «እንግዲህ ገራዶን እርሺው» አሏት። «ስሞትም እንዳትመጪ። ለቀስተኛ አላጣም።»

«እማ፣ ዓይንሽ... በዚህ ሰዓት ብቻሽን...»

«ዲያቆኔ ይሸኘኛል።»

እኔ! ክንዴን ይዘው እስከ ሚኒባሱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ክንዴን ጨብጥ እያደረጉ ያጽናኑኝ ጀመር። «አይዞህ፤ አንተ ምን ታደርግ? አታለለችህ። ሴት ስታታልል ማን ያመልጣል?» አሉኝ። እንደ እሳት አቃጠለኝ፤ አሁንም ግን ዝም አልኩ። ለሹፌሩ አደራ ብዬ አሳፍሬያቸው ተመለስኩ።

ውባለም ስፌቷን ቀጥላ ነበር።

«ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት።

«ምን ልበል? አንተ ተናግረህ ጨርሰህ።»

«አልፈረምሽም እንዴ ታዲያ?»

ቀና አለች። አልቅሳ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው። «ዓይኗ ገና አልዳነም። ጠብታ የሚያደርግላት፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት ሰው ያስፈልጋታል። እኔን ካባረረች አንተ አለህ። ሁለታችንንም ካባረረች ማን አላት?»

ይህን ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እራት አቀረበችልኝ፣ እሷ አልበላችም። ያን ዕለት ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ውባለም በዓለም ላይ ያሏት አንዲት እናት ናቸው፤ እሳቸውን ለእኔ ብላ አጣቻቸው። ሊመልስላት የሚችለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከመለስኩላት ደግሞ «ያልወለድኩት ልጄ» የሚባለው ነገር ያበቃል፤ እሁድ ልጆች ፊት የምቆምበትም ፊት የለኝም።

እንግዲህ ጀግናው ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ግንዱን ላሰነጥቅ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንዴ ጣውላ ከሆነ ነገሩ ያልቃል፤ ያለቀ ነገር ደግሞ ይረሳል ብዬ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ አስቤ ነበር።

የመሰንጠቂያው ባለቤት ሐጂ ዑመር ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው እዚሁ አግብተው የቀሩ ነጋዴ ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን ከወሎዬም ወሎዬ ናቸው። ከእንጨት ጋር ስልሳ ዓመት ኖረዋል። ስደርስ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ብርሃኑ! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ዋንዛ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ከየት አገኘኸው?»

«ከገራዶ ነው ሐጂ። ከአማቴ ግቢ።»

እጃቸው ግንዱ ላይ ቀረ። «ከቄሱ ግቢ?»

«አዎ።»

«የተገዘተችው?» አሉና ሠራተኛቸውን «አጥፋው!» አሉት። የመጋዙ ሞተር ቀጥ አለ። «እኔ ራሴ ይችን ዛፍ ልገዛ ሄጄ ነበር፤ ቄሱ በሕይወት ሳሉ። "ሐጂ፣ ገዝቼያታለሁ" አሉኝ። ሻይ ጠጥተን ተመርቄ ተመለስኩ። አሁን እንዴት እኔ ቤት መጣች?»

ተናደድኩ። ጥፋተኛ ሰው ቶሎ ነው የሚናደደው። «ሐጂ፣ በአክብሮት፣ የኛ ግዝት እርስዎን ምን አገባዎ?»

«አንተ ልጅ!» አሉኝ። «የሰው ቃል እኮ ነው። የሞተ ሰው ቃል የእስላም፣ የክርስቲያን አለው እንዴ?»

«ለቤተ ክርስቲያን በር ነው እኮ!»

«ለመስጊድስ ቢሆን? በሐራም እንጨት የአላህን ቤት ትዘጋለህ? ማን ፈቀደልህ?»

«ሚስቴ ና...» ብዬ ጀመርኩ።

ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ እዚያው አፌ ላይ ደረቀ። የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሁለት እሁድ ሙሉ በሕፃናት ፊት ቆሜ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ አዳምን መስዬ «የሰጠኸኝ ሴት ናት» እያልኩ ስተውን፣ ልጆቹም ሲስቁ ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ዓርብ ዕለት ደግሞ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቅጥነቱ፣ በአማቴ ፊት አወጣሁት። ቁራጭ ጣውላ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሐጂ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወረቀቱንም፣ ውባለም ያለችውንም፣ «አታለለችህ» መባሌንም።

መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያዞሩ ሰሙኝ።

«በኛም ዘንድ የአደም ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ሲነግረኝ፣ አደምና ሐዋ አንድ ላይ ሆነው ጌታቸውን "በራሳችን ላይ በደል ሠራን፣ ማረን" አሉት ነው ያለኝ። እሱ ነው፣ እሷ ናት የለም። በናንተ እንዴት እንደተጻፈ አንተ ታውቃለህ፤ አስተማሪው አንተ ነህ።»

አውቃለሁ። በኛ እንዴት እንደተጻፈማ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«አብሽር» አሉኝ ተነስተው። «ግንዱ እኔ ዘንድ አማና ነው፤ ማንም አይነካውም። ባለቤቷ መጥታ "ሰንጥቀው" ካላለችኝ ይህ መጋዝ አይነሳም። አሁን እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ!»

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ገራዶ። በመኪናው ውስጥ የምናገረውን ሳሰናዳና ስደልዝ ነው የሄድኩት። «እማማ፣ ሁለታችንም ተሳስተናል» ልበል? እሱም ማምለጫ ነው። «ለበጎ አስበን» ልበል? እሱም ማምለጫ ነው። ገራዶ ስወርድ እግሬ አልሄድ አለኝ፤ አንዴ ተመልሼ መኪናው በር ላይ ደርሻለሁ። ረዳቱ «ትገባለህ ወይስ አትገባም?» ብሎ ሲጮህብኝ ነው ዞሬ የሄድኩት።

እማማ የሺ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ፋሻቸውን ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ሰጋቱራውን ይጠርጋሉ። አቧራው ለዓይናቸው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። መጥረጊያውን ተቀበልኳቸው።

«ዲያቆኔ መጣህ?» አሉ። ከዚያ ወዲያው፣ ሳይወዱ ነው መሰለኝ፣ «ያቺስ? በላች?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። «እማማ፣ ቁጭ ይበሉልኝ» አልኩ። መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ ተናገርኩ።

«እኔ ነኝ። አባባ ሲገዝቱ አጠገባቸው ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውባለም እማን እንጠይቃት ብላኝ ነበር፤ ተቆጥቼ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። በሩን የፈለግኩት ስሜ እንዲጠራልኝ ነው። ተፈትቷል ብላ አልዋሸችኝም። ትላንት የዋሸችው ለርስዎ ነው፤ እኔ እንድቀርልዎ ብላ። እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ተነስተው በጥፊ አጮሉኝ። በአንድ ዓይን እያዩ እንዴት እንዳልሳቱኝ ይገርመኛል።

«ልጄን አስካድከኝ!» አሉ። «በአፌ ስሞት አትምጪ አስባልከኝ!»

ዝም አልኩ። ይህኛው ዝምታ እንኳ ደህና ነበር።

ተመልሰው ተቀመጡ። ቆይተው «ቄሱ ለምን እንደገዘታት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም ተቆጥቼው ነበር። "አንዲት ልጅ ናት ያለችን፣ ምነው እንጨት ትነፍጋታለህ?" አልኩት። "መንፈጌ አይደለም" አለኝ። "ሁሉን ሰጥቻቸው ከሞትኩ ምን ፈልገው በርሽን ይረግጣሉ? አንዷን ላስቀር። አንድ ቀን ሲያስፈልጋቸው መጥተው ይለምኑሻል፤ ያኔ ለንስሐ አባታችን ነግረሽ አስፈቺና በእጅሽ ስጫቸው" አለኝ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ አራት ዓመት ሙሉ መቼ ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ነው የምጠብቀው። ለቤተ ክርስቲያን በር ብለህ ብትለምነኝ እልል ብዬ አልሰጥህም ነበር?»

ጥፊውስ ምንም አይደል። ይህ ነው የገደለኝ።

እሳቸው ግን በኔ ኀዘን የሚቀመጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። «ተነስ፤ ባጃጅ ጥራ» አሉ። «ልጄ ሳትበላ እንዳታድር።»

ሆጤ ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በሩን የከፈተችው ውባለም ናት። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ጉንጬ ላይ ያለውን ምልክትም አየች መሰለኝ።

«ነገርካት?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንደፈለግህ ብዬ መፈረሜንስ?»

«ተቆጥቼ እንዳስፈረምኩሽ ነገርኳቸው።»

«እሱ ሌላ ነው» አለችና ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ እሱ የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ልቤ እንዳልወደደው አውቄ የፈረምኩት በገዛ እጄ ነው። እምቢ ማለት እችል ነበር።»

እማማ የሺ ደፉ ላይ ቆመው ሁለታችንንም አዩን። «እኔስ?» አሉ። «ሳልመረምር ያባረርኩሽ እኔ አይደለሁም?» ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሐኪሙ ዓይናቸው እስኪድን ድረስ እንዳያለቅሱ አጥብቆ ነግሯቸው ነበር፤ ማን ይስማው።

እንግዲህ ይህ ነው የገጠመኝ። ንስሐ አባታችን ስግደትና ጾም ሰጥተውኝ ግዝቱ ተፈታ። በሩን ግን ከዋንዛዋ አልሠራሁትም፤ ከገበያ በገዛሁት ጠባብ ጣውላ፣ በቅጥያ ሠራሁት። ቅጥያው ያስታውቃል። ግንዱን ሐጂ ዑመር ሰነጠቁት፤ እማማ የሺ ራሳቸው ኮምቦልቻ ወርደው «ሰንጥቀው» ካሉ በኋላ። ገራዶ ወንዝ ላይ ለእግረኛ መሻገሪያ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይሻገርበታል።

ልጆቹን ማስተማሬንም አልተውኩም፤ የሆነውን በሙሉ ነግሬ የደብሩን አስተዳዳሪ ብጠይቃቸው «አሁን ነው ማስተማር የምትችለው» አሉኝ። ድሮ ስለዚያች ዛፍ ስናገር ፍሬዋ ምን ነበር፣ በለስ ነው ወይስ ሌላ፣ ምን መርዝ ነበረባት እያልኩ ነበር የማደክማቸው። አሁን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ዛፏ ምንም አልነበረባትም። ከሌሎቹ የምትለየው አንድ ቃል ስላረፈባት ብቻ ነው። እኔ የተከለከለ ነገር ሁሉ ሊነፍጉኝ የተከለከለ ይመስለኝ ነበር። ማን ያውቃል፣ አዳምም ቢጠይቅ ኖሮ አንድ ቀን በእጁ ይሰጠው ይሆን? ይህን የምለው እንደ ሊቅ አይደለም፤ እንደ አናጢ ነው። አንተም፣ አንቺም የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ አንዲት እንዳትነካ የተባለች ነገር ካለች፣ ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቷን ጠይቁ። ነክታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ «ማን ነው?» ሲባል ጣታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ተጠንቀቁ። ከመብላቱ ይልቅ ሰው የጠፋው እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

«ሚስትህስ ይቅር አለችህ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም በስንት ጊዜው፣ ደህና ቀን መርጬ፣ ጠይቄያታለሁ። የስፌት መኪናዋን አቆመችና አሰበችበት።

«ዋንዛዋንማ በዚያው ቀን ትቼልሃለሁ» አለችኝ። «ግን ያን ወረቀት ከኪስህ ስታወጣ እጅህን አይቼዋለሁ። ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

እውነቷን ነው። አልተንቀጠቀጠም።